ሁለተኛው ዙር

ኅዳር ነው ኦልቦርግ፣ ከዘጠኝ ተኩል መሽቷል፣
የፊዮርዱ ውኃ ያልታጠበ ድስት መስሏል፤
ከመስኮቴ በታች ድልድዩ ክንፉን አንሥቷል፣
መርከብ እስኪያልፍ ድረስ መኪናው ተገትሯል።

እኔ ከስክሪኑ ፊት አራተኛ ማታዬ፣
የጀልባ ባትሪ ነው፣ ቻርጀሩ ነው ጣጣዬ።
ትራንዚስተሩ ይበራል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠፋል፣
በሴኮንድ መቶ ሺህ ጊዜ እንዲህ ሲል ይለፋል፤
ጥምጥሙ ጅረቱን አቅፎ ይለቀዋል፣
ካፓሲተሩ ጠጥቶ ቀስ እያለ ያድለዋል።
የምፈልገው ምን ነበር? አንዲት ነገር ብቻ፦
ዑደቱ ሲጀምር የቆመበት መነሻ
ዑደቱ ሲያልቅም ያው እንዲሆን መድረሻ።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት» ይል የለ ሰው ሲተርት፣
እኔም ያንኑ ነው ያልኩት ለዚህ ሰርኪዩት።
ኮምፒውተሩ ግን አርባ ጊዜ ዞሮ ዞሮ
ባዶ እጁን መጣ፣ «አልረጋም» ብሎ፣ አቀርቅሮ።

አስገር ከጎኔ ነው፣ ሃያ ዓመት የሠራበት፣
ሦስት ቃል ከተናገረ ቀኑ የሚበዛበት፤
«እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ጊዜውን ቆራርጪለት፣
ዳዮድሽ ፍጹም ነው፣ ትንሽ ሬዚስተር ጨምሪለት፤
ፍጹም የሆነ ነገር ለስሌት አይመችለት።»

አሳጠርኩ። ጨመርኩ። አልረጋም።

ካፓሲተሩን ከባዶ ማስነሣቴ ነው ጥፋቱ፣
ከአራት መቶ ቮልት ልነሣ፣ ይጠርለት ርቀቱ።

ተነሣሁ። አልረጋም።

ስህተቱ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ዜሮ ሊነካ ይላል፣
ሞቷል እንዳሉት ዓሣ ከእጄ ተፈናጥሮ ይዘላል።
«የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» አሉ፤
ያልረጋውንስ ወተት ምን አድርጉት ይላሉ?

ቤት ገባሁ። ዬፔ የለም። የድልድይ ተራው ነው ዛሬ፣
ያንን ክንፍ የሚያነሣው እሱ ነው፣ ያ የኔ አውሬ።
ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት፦ «ሾርባ አለ። ነገ አለሁ።»
ሰኞ ዕለት «ቤት አትረጋም» ብዬ ተጣልቼዋለሁ፤
መልስ አልሰጠኝም ያኔ፣ ጫማውን አሰረ፣ ወጣ፣
በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ያ ነበር ያናደደኝ ቁጣ።

ሾርባውን እያማሰልኩ ካላንደሩን አየሁት፦
አንድ ቀን በቀይ ምልክት፣ አንድ ቀን ባዶ የተውት፣
አንድ ቀን ምልክት፣ አንድ ቀን ባዶ።

ማንኪያው አፌ ሳይደርስ ቆመ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ ጅረቱን አጉልቼ አየሁ፤
አንዱ ጫፍ ረጅም፣ የሚቀጥለው ጫፍ አጭር፣
ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ አንዴም ሳያጭበረብር።
ለካ መንገድ አልጠፋውም፣ ለካስ አልነበረም ባካኝ፣
በየሁለት ዙሩ ነበር የሚመለሰው፤ እኔ ነኝ
በአንድ ዙር ካልመጣህ ብዬ በሩን የዘጋሁበት፣
አርባ ጊዜ «ጠፋ» ብዬ ያስመዘገብኩት።

ዑደቱን እጥፍ አልኩት። በሦስተኛው ሙከራ
ረጋ። ከነጥቡ ወዲያ ዜሮ ተደረደረ በተራ።

ጠዋት አስገር አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤
«መርጋትስ ረግቷል» አለ፣ «ጤና ግን መቼ ዘለቀ?
ማብሪያው ከዑደቱ ግማሽ በላይ በርቶ ሲቆይ
ጅረት እንዲህ ያነክሳል፤ ባትሪው ይህን አይችል፣ አታዪ?»
ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ! ሰምቼውም አላውቅ።

እውነቱን ነው። በየዙሩ ከዜሮ ተነሥታ የምትወጣ
ትንሽ ተዳፋት ሠራሁለት፣ ያነከሰው ቀጥ ብሎ እንዲመጣ።
እኩለ ቀን ላይ ጫፎቹ ሁሉ እኩል ቁመት ያዙ፣
በአንድ ዙር ወደ ቤት ገቡ፣ ሳይዘገዩ፣ ሳይጓዙ
አንዲት ስንዝር ከመስመሩ።

ቤቴን ግን አልነካሁም።
ለሰው ተዳፋት አይሠራም።

ማታ ድልድዩ ሲነሣ ከመስኮት ሆኜ ቆጠርኩ፣
አንድ፣ ሁለት፤
ሾርባውንም ለሁለት ቀን ሠራሁ።